«ዋይፋይ» ሲባል በሽቦ ነው ወይስ በአየር?
ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጭን ነጋዴ አስቀድሞ ሊለያቸው የሚገቡ ሁለት መሥመሮች

ከመርካቶ ዕቃ ጭኖ በወረታና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚወጣ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ፣ ሙዚቃን ከኢንተርኔት እየሳበ ለድምፅ ማጉያ የሚያቀብለውን ትንሽ ሣጥን፣ በንግድ ስሙ «ስትሪመር» የሚባለውን፣ ለመግዛት ሲያስብ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው ዋጋውን አይደለም። ዕቃው ኢንተርኔት የሚቀበለው በአየር ብቻ ነው ወይስ የኬብል ቀዳዳም አለው? የሚለውን ነው። ሁለቱ ዓይነቶች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እምብዛም አይለያዩም። ሸማቹ ቤት ከገቡ በኋላ ግን አንደኛው «ይቆራረጣል» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተመልሶ የመጣ ዕቃ ደግሞ የደርሶ መልስ ማጓጓዣው ብቻ ትርፉን ይበላዋል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአገራችን አንድ ሰው «ቤቴ ዋይፋይ አስገባሁ» ሲል ብዙውን ጊዜ የመደበኛ ብሮድባንድ ደንበኛ ሆኗል ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ ኢንተርኔቱ እስከ ቤቱ የሚደርሰው በመዳብ ሽቦ ወይም በፋይበር ሲሆን፣ በአየር የሚጓዘው ከራውተሩ እስከ ስልኩ ያለውን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ሌላው ሰው ደግሞ ሲም ካርድ የሚጎርስ ራውተር ገዝቶ እርሱንም «ዋይፋይ» ይለዋል። የዚህኛው ኢንተርኔት ግን ከሞባይል ማማ ጀምሮ የሚመጣው በአየር ነው።

በመሆኑም ሻጩ ሁለት መሥመሮችን ለይቶ ማየት ይኖርበታል። አንደኛው ከውጭ እስከ ራውተሩ ያለው ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ሙዚቃ መሣሪያው ያለው ነው። የመጀመሪያውን የሚወስነው አካባቢውና አገልግሎት ሰጪው ሲሆን ገዥው ብዙ አይመርጥበትም። ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ በገዥው እጅ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

የውጭው መሥመር

ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር ከተዘረጋ ወዲህ፣ ሽቦ ወደ ገጠር ወረዳዎች የሄደው በዝግታ ነው። የኢንተርኔት አገልግሎትም በአገሪቱ የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም. ነው። ብዙኃኑን ሕዝብ ከኢንተርኔት ጋር ያስተዋወቀው ግን ሽቦው ሳይሆን ሞባይሉ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ገበያው የገባው በሞባይል ነው።

ይሁንና ሞባይል የሬዲዮ ሞገድ በመሆኑ የመልክዐ ምድር ጉዳይ አለበት። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ስማዳ በበኩሉ ወደ አባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ያዘቀዝቃል። ማማ ከሚታይበት ሜዳ ላይ ደህና የሚሠራ ሲም ራውተር፣ ከጉብታ ጀርባ በተሠራ ቤት ውስጥ ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ ሸማቹ ከመግዛቱ በፊት ዕቃው በሚቀመጥበት ክፍል፣ በቀንም በምሽትም፣ በስልኩ ቢሞክር ኪሳራ ይቀንስለታል። ምሽት ላይ ማማውን የሚጋራው ሰው ስለሚበዛ የቀን ሙከራ ብቻውን አይበቃም።

የመዳብ ሽቦም የራሱ ችግር አለው። በክረምት በደጋው መብረቅ ሲበረታ ከውጭ የሚገባ መዳብ ኃይሉን ይዞ ወደ ራውተሩ ሊዘልቅ ይችላል። ነጎድጓድ ሲሰማ የስልክ ሽቦውንም የመብራት ሶኬቱንም መንቀል ይመከራል። ፋይበር የሚያስተላልፈው ብርሃን በመሆኑ በመሥመሩ በኩል ይህ ሥጋት የለበትም።

ምን ያህል ይፈጃል?

ብዙ ገዥዎች «ኢንተርኔቴ ፈጣን ስላልሆነ አይሠራም» ብለው ይሰጋሉ። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። በጥሩ ጥራት የተጨመቀ ሙዚቃ በሰከንድ 320 ኪሎ ቢት ይፈልጋል፤ ይህም በሰዓት 144 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ያልተጨመቀ የሲዲ ጥራት በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት፣ በሰዓት 635 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። በቀን አምስት ሰዓት የሚያዳምጥ ቤት በወር በመጀመሪያው 21.6 ጊጋ ባይት፣ በሁለተኛው 95 ጊጋ ባይት ያህል ይፈጃል።

ከዚህ የሚታየው ሙዚቃ ፍጥነትን ሳይሆን አለመቋረጥን የሚፈልግ መሆኑ ነው። በወር ክፍያ ያለ ገደብ የሚጠቀም ሰው በጥራቱ ላይ ሊቆጥብ አይገደድም። በጥቅል ዳታ የሚገዛ ግን መሣሪያውን ዝቅ ባለው ጥራት ላይ ቢያደርገው ወጪው ወደ ሩብ ይወርዳል።

የውስጡ መሥመር

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ዋይፋይ በአብዛኛው በሁለት ሞገዶች ይሠራል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ ነገር ግን የጎረቤት ራውተርና ብሉቱዝ ሁሉ የሚሻሙበት ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ሲሆን በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። የድንጋይ ወይም ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ሁለቱንም ያዳክማል። ቆርቆሮ ደግሞ ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቃል። በዚህ ምክንያት ራውተሩ ሳሎን ሆኖ መሣሪያው በቆርቆሮ በተከለለው ሰርቪስ ቤት ወይም በበሩ ላይ ባለች ሱቅ ከተቀመጠ፣ ሙዚቃው መቆራረጡ አያስደንቅም።

መፍትሔው ኬብል ነው። ተራ የኔትዎርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። ከሁሉ ዝቅተኛ የሆነው በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚያሳልፈው ቀዳዳ እንኳ የሲዲ ጥራትን 70 ጊዜ እጥፍ ይሸከማል። ይሁንና ሁሉም መሣሪያ ቀዳዳው የለውም። ለምሳሌ ዊም ከተሰኘው ምርት «ሚኒ» የተባለው የኬብል ቀዳዳ ሳይኖረው «ፕሮ» የተባለው አለው። ነጋዴው ሲያዝ የሣጥኑን ጀርባ ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ብሉቱዝን ከዚህ መለየት ያሻል። በብሉቱዝ ሙዚቃው የሚመጣው ከስልክ ነው። ስልክ ሲደወል ሙዚቃው ይቋረጣል፤ ባለስልኩ ከክፍሉ ርቆ ሲሄድም እንዲሁ።

ድምፁስ ይለያያል?

አንዳንድ ሻጭ «በኬብል ድምፁ ይጠራል» እያለ ውድ ገመድ ይሸጣል። ይህ ትክክል አይደለም። በኬብልም ሆነ በአየር የሚደርሰው ቁጥር አንድ ነው፤ መሣሪያውም ጥቂት ሰከንድ አስቀድሞ አጠራቅሞ ነው የሚያጫውተው። የኬብል ጥቅሙ አለመቋረጡ ነው። ለድምፅ ጥራት የሚወጣ ገንዘብ ካለ ወደ ስፒከሩ ቢሄድ ይሻላል።

ሁለቱም የሚጠፉበት ቀን

መብራት ሲሄድ ራውተሩም መሣሪያውም አብረው ይጠፋሉ። ኢንተርኔቱም ራሱ ሊጠፋ ይችላል፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡ ይታወሳል። ያን ጊዜ ሲም ራውተር ላይ ብቻ ለተመሠረተ ቤት ስትሪመር ባዶ ሣጥን ነው። ስለዚህ ከፍላሽ ወይም ከሚሞሪ ካርድም ማጫወት የሚችል መሣሪያ ለዚህ አካባቢ ቅንጦት አይደለም፤ መጠባበቂያ ነው።

በጥቅሉ፣ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሚጭን ነጋዴ በዋጋ ትንሽ ቢወደድም ሦስቱን ማለትም ዋይፋይ፣ የኬብል ቀዳዳና የፍላሽ ቦታ የያዘውን ቢመርጥ ለየትኛውም ቤት ይሸጥለታል። አብሮ ጥቂት ጥቅል የኔትዎርክ ኬብል ቢይዝም አይጎዳም። በአየር ብቻ የሚሠራውን ርካሽ ዓይነት መሸጥ የሚችለው፣ ራውተሩና መሣሪያው በአንድ ክፍል ለሚቀመጡለት ሸማች ነው። ለዚያም ቢሆን «ዋይፋይ አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ዋይፋይህ ከየት ነው የሚመጣው?» ማለት ያስፈልጋል።