ፓይተን በሌለበት ኮምፒውተር

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጎፋም ይሁን ለቡ፣ አንድ ወጣት የዕቃ ቆጠራ ስክሪፕት በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ ለባለሱቅ ቢሰጥ ፋይሉ ብቻውን አይሠራም፤ ፓይተን መጫን አለበት፣ የሚጠቀማቸው ተጨማሪ ጥቅሎች ካሉም ከኢንተርኔት መውረድ አለባቸው። ኢንተርኔት ግን ሁሌ አይገኝም፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ስንቁን ይዞ ቢሄድ ይሻላል። ኦቶ ፓይ ቱ ኢኤክስኢ የተባለው ነፃ መሣሪያ ትእዛዝ መጻፍ ሳያስፈልግ ስክሪፕቱን ያስመርጣል፣ «አንድ ፋይል» ወይስ «አንድ ማህደር» ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ያሽጋል። ከጀርባው ያለው ፓይኢንስቶለር ፓይተንን ራሱን አብሮ ይጠቀልላል።

ፋይሉ ይገዝፋል፣ ሲከፈት ይዘገያል የሚሉ አልተሳሳቱም። ግን በማህደር የታሸገው ቶሎ ይከፈታል፤ ግዝፈቱም በፍላሽ ለሚዞር ፕሮግራም አያስጨንቅም። ከባዱ ጸረ ቫይረስ ያለጥፋቱ ሲጠረጥረው ነው። ባለሱቁ ማስጠንቀቂያን እንዲንቅ ማስለመድ አደገኛ ነውና፣ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ መመርመር እንዲቻል ሠሪው ዋናውን ስክሪፕት አብሮ ያስረክብ።