ስለ ግጦሽና ስለ ሁለት ዘመዳም የእሳት እራቶች

መንጋ ከመሬቱ አቅም በላይ ሲበዛ ሣሩን እንደሚያጠፋ ማናቸውም ባለመሬት ያውቀዋል። ነገር ግን አንዱን ፍጥረት የሚያጠፋ ግጦሽ ለቅርብ ዘመዱ መዳኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህም በስኮትላንድ ምዕራብ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሁለት ትናንሽ የእሳት እራቶች ምስክር ናቸው።

ሁለቱም በሊቃውንት ዘንድ ዚጌና ከሚባለው ወገን ናቸው። ክንፋቸው ተዘርግቶ ሲለካ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ መልኩም ጥቁር ሆኖ ቀይ ነጠብጣብ አለበት። የእሳት እራት ይባሉ እንጂ የሚበሩት በቀን ነው፤ ይኸውም በዚያ አገር በጋ በሚሆንበት በሰኔና በሐምሌ ነው። በሰውነታቸው መርዝ ስላለ ቀዩ ምልክት ወፎችን ያስጠነቅቃል። በአውሮፓ ዋና ምድር ሁለቱም ይገኛሉ፤ በብሪታንያ ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ፊተኛው ኒው ፎሬስት በርኔት ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ከእንግሊዝ ደቡብ ጠፋ፤ በ1963 ግን በስኮትላንድ በአርጋይል ተገኘ። አባጨጓሬው የሚመገበው ከጓያ ወገን የሆነውን ቢጫ አበባ ያለውን ሐረግና ይህን የመሰለውን ነው። በጎች ገብተው ይህን ምግብ ስለ ጨረሱበት በ1990 የቀሩት 20 ያህል ብቻ እንደ ሆኑ ተገመተ። በ1991 ስፍራው በአጥር ተከለለ፤ ሣሩ አደገ፤ ከዚያም በኋላ ቁጥራቸው በሺህ የሚቆጠር ሆነ።

ሁለተኛው ስሌንደር ስኮች በርኔት ሲባል፣ በብሪታንያ የሚኖረው በመል እና በኡልቫ ደሴቶች ብቻ ነው። አባጨጓሬው የሚበላው ከማገጥ ጋር የሚዛመድ፣ በአጭር ሣር መካከል ፀሐይ በሚሞቀው ተዳፋት ላይ የሚበቅል ትንሽ ተክል ነው። ከብት ፈጽሞ ያልገባበት እንደ ሆነ ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ ተክሉን ይሸፍነዋል፤ ከብት የበዛበት እንደ ሆነ ደግሞ አበባው ሁሉ ተግጦ ያልቃል። ስለዚህ ለእርሱ የሚበጀው በልክ የሆነ ግጦሽ ነው።

እንግዲህ ፊተኛውን ያዳነው አጥር ለሁለተኛው ቢታጠርለት ኖሮ ሊያጠፋው ይችል ነበር። መልካቸው አንድ ስለ ሆነ ፍላጎታቸውም አንድ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ስለ ግጦሽ መሬት የሚያዝ ሹምም ሆነ ባለመሬት፣ ይታጠር ወይም ይከፈት ከማለቱ አስቀድሞ፣ በዚያ መሬት ምን እንደሚኖር፣ የሚኖረውም ምን እንደሚበላና ምግቡ በምን ዓይነት ሣር ውስጥ እንደሚበቅል ይመርምር። አጥር ማጠር ቀላል ሥራ ነው፤ የጠፋን ዘር መመለስ ግን ከባድ ነው።