የኋላ አክስል ቤት ልኬት በቀደምት የአሜሪካ አውቶሞቢሎች፦ የፎርድ ባለ 9 ኢንች አክስል እንደ ማሳያ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እና በ1960ዎቹ የተመረቱ የአሜሪካ አውቶሞቢሎች ሲታደሱ የኋላ አክስላቸው ብዙ ጊዜ በሌላ ይተካል። ተተኪው ከሌላ ሞዴል የተነቀለ ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ሁኔታዎች የሥራው ውጤት የሚወሰነው በመጀመሪያው ልኬት ነው። የአክስሉ ቤት አንዴ ተቆርጦ ከተበየደ በኋላ ስሕተትን ማረም ዳግም መቁረጥን፣ አንዳንዴም አዲስ አክስል ሻፍት መግዛትን ይጠይቃል። ይህ ጽሑፍ ልኬቱ ከየት እስከ የት እንደሚወሰድና ስሕተት በየት በኩል እንደሚገባ ያብራራል።

ፎርድ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ የተጠቀመበት ባለ 9 ኢንች አክስል ለጉዳዩ ተስማሚ ማሳያ ነው። «9 ኢንች» የሚለው ስያሜ የዘውድ ማርሹን ዲያሜትር እንጂ የአክስሉን ስፋት አያመለክትም። በአንድ የመኪና ስም ሥር እንኳ ስፋቱ ይለያያል። የሙስታንግ የኋላ አክስል በ1965 እና 1966 ሞዴሎች 57.25 ኢንች (1454 ሚሊ ሜትር ገደማ)፣ ከ1967 እስከ 1970 ባሉት 59.25 ኢንች፣ ከ1971 እስከ 1973 ባሉት ደግሞ 61.25 ኢንች ነው። ስለሆነም አክስሉ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ማወቅ ልኬትን አይተካም።

ስፋት ሲባል ሁለት የተለያዩ መጠኖች ይታሰባሉ። የመጀመሪያው ከአንዱ የቸርኬ መቀመጫ ገጽ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ባዶው ቤት ከአንዱ የጫፍ ፍላንጅ እስከ ሌላው ያለው ርዝመት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው በእያንዳንዱ ጫፍ ከቤቱ ፍላንጅ እስከ ቸርኬው መቀመጫ ያለው ርቀት ነው፤ የፍሬኑ ክፍሎች የሚገጠሙት በዚህ ስፍራ ነው። ለምሳሌ ይህ ርቀት 2.5 ኢንች ቢሆንና ባዶው ቤት 52.25 ኢንች ቢለካ፣ ጠቅላላው ስፋት 52.25 ሲደመር 5፣ ማለትም 57.25 ኢንች ይሆናል። የትኛው መጠን እንደተለካ ሳይገለጽ የተሰጠ ትእዛዝ በዚህ ምሳሌ የ5 ኢንች ስሕተት ሊያስከትል ይችላል።

ለመለካት መኪናው በደልዳላ ወለል ላይ በአስተማማኝ ድጋፍ ይቆማል፤ ጎማዎቹም ይወልቃሉ። ታምቡሩ ሳይወልቅ የተወሰደ ልኬት የሁለቱን ታምቡሮች የፊት ውፍረት ስለሚጨምር ይህ መመዝገብ አለበት። ሁለት ቀጥ ያሉ ብረቶች በሁለቱ የመቀመጫ ገጾች ላይ በአግድም ይለጠፋሉ፤ ከዚያም ከአክስሉ መሐል መስመር በእኩል ርቀት፣ አንድ ጊዜ ከፊት አንድ ጊዜ ከኋላ፣ በብረቶቹ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። የሁለቱ ንባቦች አማካይ ስፋቱን ይሰጣል፤ ልዩነታቸው ደግሞ የቤቱን መጣመም ያመለክታል። ልዩነቱ ከሻፍቱ ፍላንጅ መጣመም የመጣ እንዳይሆን ሻፍቶቹ ግማሽ ዙር ተሽከርክረው ልኬቱ ይደገማል። በአንዳንድ የጄኔራል ሞተርስ አክስሎች ሻፍቱ የሚያዘው በ«ሲ» ቅርጽ መቆለፊያ ስለሆነ ወደ ጎን ጥቂት ይላወሳል፤ በመሆኑም ሁለቱም ሻፍቶች ወደ ውጭ ተስበው መለካት ይኖርባቸዋል።

ጠቅላላ ስፋት ብቻውን በቂ አይደለም። በብዙዎቹ ባለ 9 ኢንች አክስሎች ፒኞኑ በቤቱ መካከል ስለማይገኝ የግራና የቀኝ ሻፍቶች ርዝመት ይለያያል። ስለዚህ ከፒኞኑ መሐል እስከ እያንዳንዱ ፍላንጅ ያለው ርቀት ለየብቻ ይመዘገባል። ሻፍቱ ካጠረ ጥርሶቹ በዲፈረንሻሉ ውስጥ በበቂ ጥልቀት አይያዙም፤ ይህም በጭነት ጊዜ ለመሰበር ይዳርጋል። የባሌስትራ መቀመጫዎች ርቀት፣ የፒኞኑ ዝንባሌ፣ የጫፍ ፍላንጁ የቡሎን ቀዳዳዎች አቀማመጥና የኩሽኔታው መጠንም እንዲሁ ይለካሉ።

ስፋቱን ከቸርኬው ነጥሎ ማየትም አይቻልም። በስም 8 ኢንች የሚባል ቸርኬ የሚለካው ጎማው በሚቀመጥባቸው ጠርዞች መካከል ስለሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ኢንች ገደማ ይደርሳል። የ1967 አክስል በ1965 መኪና ላይ ቢገጠም የ2 ኢንቹ ልዩነት ለሁለት ይከፈልና እያንዳንዱ ጎማ 25.4 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ መጠን ጎማውን ከፓራፋንጎው ጋር ለማፋተግ ሊበቃ ይችላል። በቂ ወደ ውስጥ የገባ ቸርኬ ከተገኘ ግን ቤቱን መቁረጥ ላያስፈልግ ይችላል።

በአጠቃላይ የአክስል ቤት ልኬት የአንድ ቁጥር ጉዳይ ሳይሆን እርስ በርሳቸው የተያያዙ መጠኖች መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ገጽ እስከ የትኛው እንደተለካና ታምቡሩ በቦታው እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ አብሮ ሲጻፍ ብቻ ሌላ ባለሙያ ሊያረጋግጠው ይችላል። ይህን ለመመዝገብ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የተቆረጠን ቤት ወደነበረበት መመለስ ግን እጅግ ከባድ ነው።