«ስንት ቀን ልጠብቅ?»

ሰኔ ሲገባ ነቀምቴ ውስጥ ከበቆሎ ማሳ የተረፈ ዩሪያ ወደ ግቢ ሣር ይመጣል። ከገጠር ዘመድ የተላከ ወይም ጆንያ ሥር የቀረ ነው፤ በዋጋው የተነሳ ማንም ሊጥለው አይደፍርም። ሰርዶው ላይ ይበተናል፤ በማግስቱ ጥያቄው ለእኔ ይመጣል። «የኔ ልጅ፣ የልጅ ልጆቼን ስንት ቀን ልከልክላቸው?» አሉኝ ባለፈው አንዲት እናት።

«አዴ፣ ቀኑን ተዉት፤ ዘንቧል ወይ?» አልኳቸው።

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ነጩ ፍሬ ውሃ ካገኘ ሟሙቶ ወደ ሥር ይወርዳል። ውሃ ካጣ ግን ቅጠሉን ያቃጥላል፣ ከፊሉም አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ወደ አፈር ለማስገባት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይበቃል፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ለሚዘንብበት አገር ይህ የአንድ ከሰዓት ጉዳይ ነው። ስለዚህ አዴ ጎንበስ ብለው ሣሩን በእጃቸው ገለጥ ያድርጉ። ፍሬ ካልታየ፣ ቅጠሉም ጠፈፍ ካለ፣ ልጆቹ ይጫወቱ። ሣር ቆርጦ ለቡና መጎዝጎዝም ከዚያ በኋላ ነው። የተበተነው ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከሆነ ትንሽ መታገስ ያስፈልጋል። እንደ ዩሪያ ነጭ ስላልሆነ ቀይ አፈር ላይ ቶሎ አይታይም፣ ለመሟሟትም ይዘገያል።

መጠኑን በተመለከተ የወለጋ ሰው ማስተማር አያስፈልገውም። ለሄክታር አንድ ኩንታል ብሎ የሚያውቀው ልክ ለግቢ ሲመነዘር ለ100 ካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ነው። ገበሬው ማሳው ላይ ቆጥቦ የሚበትነውን የከተማው ልጅ ግቢው ውስጥ በእፍኝ ያፈሰዋል። ሣሩ ቦታ ቦታውን ቢጫ ሲሆንበት ደግሞ በሽታ ገባበት ይላል።

እስካሁን ያልኩት ለእግር ነው። ለአፍ ሌላ ሂሳብ አለው።

በየግቢው በግ ይታሰራል፤ ለበዓል የተገዛ የሆሮ በግ ከሆነ ደግሞ እንደ ቤተሰብ ነው። ያ በግ ጨው ይወዳል፣ ሲሚንቶ ላይ የፈሰሰው ዩሪያም ጨው ይመስለዋል። ሆዱ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ዩሪያውን በፍጥነት ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ላልለመደ በግ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳ ሊገድለው ይችላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሆዱ ይነፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እንስሳት ሐኪም እየተጠራ ሳለ የሚረዳው አቼቶ ነው፤ ግማሽ ሊትር ያህል በቀዝቃዛ ውሃ በርዞ ቀስ እያሉ ማጠጣት። አሲዱም ቅዝቃዜውም የአሞኒያውን ሥራ ያበርዳሉ። በጉ መንፈራገጥ ከጀመረ ግን በአፉ ምንም አይሰጠው፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል።

«ዩሪያ ለከብት ይሰጣል ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተው አይደላችሁ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ገለባ በዩሪያ ይታከማል። ለ100 ኪሎ ገለባ አራት ወይም አምስት ኪሎ ዩሪያ በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ይረጫል፣ ከዚያ አየር እንዳይገባው ታፍኖ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሳይሟሟ ከተላሰ ፍሬ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

ፍሬው ከጠፋ በኋላም ለበግና ለላም አልቸኩልም። ብዙ ናይትሮጅን የወሰደ ሣር፣ በተለይ ፀሐይ ጠፍታ ሰማዩ ደመና ሆኖ ሲሰነብት፣ ናይትሬቱን በግንዱ ያጠራቅማል። በሐምሌ ደግሞ ወለጋ ላይ ፀሐይ የምትታይበትን ቀን ታውቁታላችሁ። ናይትሬቱ ከብቱ ሆድ ውስጥ ናይትራይት ሲሆን ደሙ ኦክሲጅን መሸከም ያቅተዋል። እኔ ሦስት ሳምንት ይቆይ እላለሁ። ታጭዶ ለጎረቤት ላም የሚሰጠው ሣርም በዚሁ ይታያል፤ ለምለምነቱ ሰውን ያታልላል።

የነቀምቴ ግቢ ተዳፋት ነው። ዶፍ ሊወርድ ሲል የተበተነ ዩሪያ ሣሩ ዘንድ አያድርም፤ ታች ካለው ሰው ጉድጓድ ሊገባ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው ናይትሬት በሊትር እስከ 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲበልጥ የሚያሰጋው ስድስት ወር ያልሞላቸውን ሕፃናት ነው። ሽታም ቀለምም የለውም፣ ማፍላትም አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይበረታል። ዶፍ ሳይሆን ካፊያ ሲጠበቅ፣ ቅጠሉ ደርቆ አፈሩ ሲረጥብ ቢበተን ይሻላል፤ ከጉድጓድ አጠገብ ግን ጨርሶ አይበተን።

ይህን ስሰብክ «እኔስ ፍግ ነው የምጠቀመው» ብሎ የሚኮራ አለ። ገበሬው በረቱን ከቦታ ቦታ እያዘዋወረ መሬቱን ያዳበረው በፍግ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ያልበሰለ ፍግ የሆድ በሽታ ተሕዋስያን ይዞ ይመጣል። ሕፃን ለሚድህበት ሣር ከትኩስ ፍግ ይልቅ በልኩ የተበተነና ዝናብ ያጠበው ዩሪያ ይሻለኛል። ፍጉ በደንብ ብስብስ ብሎ የአፈር ሽታ ካመጣ ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የኪራይ ግቢ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት አራት ተከራይ ይኖራል። ማዳበሪያውን ማታ የሚበትነው አከራዩ ነው፤ በማለዳ ሣሩ ላይ የሚወጡት የተከራይ ልጆች፣ እህል መስሏት የምትለቅመው የሌላዋ ዶሮ፣ ባዶውን ጆንያ አጥባ ዱቄት የምታስቀምጥበት ደግሞ ሌላዋ ናት። አከራዩ ሲደውልልኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ለተከራዮቹ መናገሩን ነው። አብዛኛውን ጊዜ «ለምን?» ይለኛል።