ስንቅና ትጥቅ፦ የደጋ አጋዘን አዳኝ ምን ይዞ ይውጣ?



ስለ አዳኝ ስንቅና ትጥቅ ገለጻ እንደማደርግ ሲሰሙ «ይህ ለዩኒቨርሲቲ መድረክ የሚመጥን ርእስ ነውን?» ያሉኝ ነበሩ። ነው ብዬ አምናለሁ። ከእናንተ መካከል ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአደን ፈቃድ የሚሰጥ፣ እንግዳውን አጅቦ ጫካ የሚገባ ወይም የወደቀውን እንስሳ ቀንድ የሚለካ ባለሙያ ይኖራል። ያ ባለሙያ የእንግዳውን ሻንጣ አይቶ፣ ሰውየው በሜዳ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት ይኖርበታል።

ማሳያዬ የደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ካሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በየትም አገር በተፈጥሮ አይገኝም። ሊዴከር የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ ሳይንሳዊ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ይህን ለሚያህል እንስሳ በጣም ዘግይቷል። ዛሬ ለመጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች ተርታ ተመዝግቧል። አደኑ ከብሔራዊ ፓርኩ ውጭ በተከለሉ የአደን ቦታዎች፣ በፈቃድና በኮታ፣ በሙያ አዳኝ መሪነት ይካሄዳል። የሚፈለገውም ወንዱ፣ ያውም ዕድሜው የገፋው ነው።

የብዙ ሰው ሐሳብ መጀመሪያ ወደ ጠመንጃው ይሮጣል። እኔ ከመነጽሩ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ያለቦታው የተተኮሰ ጥይት አይመለስም። የደጋ አጋዘን ከአስታው ጥሻ ብቅ የሚለው በአብዛኛው ጎሕ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። በዚያ ደብዛዛ ብርሃን የቀንዱን ጥምዝ፣ የጫፉን ንጣትና የአንገቱን ውፍረት አይቶ «ይህ ሽማግሌ ነው፤ ያኛው ገና ጎረምሳ ነው» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት አለ። የመነጽሩ የፊት መስተዋት ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ለማጉላት አቅሙ ሲካፈል፣ ወደ ዐይናችን የሚገባውን የብርሃን ዘንግ ስፋት ይሰጠናል። 10 ጊዜ የሚያጎላና 25 ሚሊ ሜትር መስተዋት ያለው የኪስ መነጽር 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰጣል። 10 በ42 የሆነው 4.2፣ 8 በ42 የሆነው ደግሞ 5.25 ይሰጣል። የወጣት ዐይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ብሌን ግን ከ5 ብዙም አያልፍም። ይህን ዐይነቱን አደን የሚከፍሉት ደግሞ በአብዛኛው የእኔ እኩዮች ናቸው። ስለዚህ 8 በ42 የሆነውን እመክራለሁ። ማጉላቱ አነስ ማለቱም ይጠቅማል፤ ዳገት ወጥቶ በሚያለከልክ ሰው እጅ ላይ ብዙ የሚያጎላ መነጽር ምስሉን አብዝቶ ያንቀጠቅጣል።

ማለክለኩ ተራ ነገር አይደለም። በ3,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 65 በመቶ ገደማ ነው። ከቆላ አገር ትናንት የመጣ ሰው ዛሬ እዚያ ቢተኩስ፣ ጠመንጃው ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ቀድሞ ደርሶ ሰውነትን ከደጋው ማላመድ ከየትኛውም ዕቃ ይበልጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ጠመንጃውን የሚያሳርፉበት ባለ ሦስት እግር ድጋፍ ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ነገር ግን አገር ቤት ሳሉ ካልተለማመዱበት ሜዳ ላይ እንቅፋት ይሆናል።

ጫማው አዲስ መሆን የለበትም። ልብሱ ሱፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ሱፍ ረጥቦም ይሞቃል፣ ጥጥ ግን ሲረጥብ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። የሚንኮሻኮሽ የዝናብ ካፖርት በጥሻ ውስጥ ከሩቅ ይሰማል። ቀለሙን በተመለከተ፣ ሰኮና ያላቸው እንስሳት ቀይና ብርቱካናማን አጥርተው አይለዩም፤ ሰማያዊን ግን በደንብ ያያሉ። ጂንስ ሱሪ ለብሶ መምጣት እንግዲህ ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

ወደ ጠመንጃው ልምጣ። ወንዱ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ለዚህ 300 ዊንቸስተር ማግነም ወይም ነባሩ 30-06፣ 11.7 ግራም ከሚመዝን ጠንካራ እርሳስ ጋር፣ በቂ ነው። ለጎሽና ለዝሆን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ዝቅተኛው መለኪያ የሆነው 375 እዚህ አያስፈልግም። ትከሻውን የሚመታውን ጠመንጃ የሚፈራ ሰው ቃታውን ሲስብ ዐይኑን ይጨፍናል። የለመዱት መካከለኛ ጠመንጃ ከማያውቁት ኀይለኛ ይሻላል። በአውሮፕላን ሲጓዝ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ በተቆለፈ ጠንካራ ሣጥን ይገባል፤ ጥይቱም በመንገደኛ ከ5 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ የዓለም አቀፉ የአየር ጉዞ ደንብ ይወስናል። ከበረራ በኋላ ሰፈር እንደተደረሰ ወረቀት ላይ ተኩሶ ማነጣጠሪያውን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። መሪው ይህን ሳያይ እንግዳውን ይዞ እንዲወጣ አልመክርም።

ይህን ሁሉ የምደክምበት ምክንያት አንድ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የአደን ውል መሠረት የቆሰለ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ ክፍያውም ይከፈላል። በሒሳብ መዝገብ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው። ነገር ግን አስታ ውስጥ የገባ ቁስለኛ በጭጋግ ቢሰወር፣ ሥጋው ለጅብ ይሆናል፤ ዕድሜውንና ቀንዱን የሚለካ የለም፤ ለቀጣዩ ዓመት ኮታ ማስረጃ የሚሆን መረጃም አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ መሪውና እንግዳው ከመውጣታቸው በፊት «ከዚህ ርቀት በላይ አይተኮስም» ብለው ይስማሙ። ርቀት መለኪያ መሣሪያ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው። ያለ ስምምነት ከሆነ አሻንጉሊት ነው።

የሚረሳው ዕቃ ጨው ነው። ቆዳው ከሥጋና ከስብ ጸድቶ ቶሎ ጨው ካልጠገበ ፀጉሩ ይረግፋል፤ በደጋው እርጥበት ደግሞ በፀሐይ ማድረቅ አይታሰብም። በኪሎዎች የሚቆጠር ደቃቅ ጨው ከሰፈሩ ዕቃ ጋር ይጫን።

አሁን መብራቱ ይጥፋልን። ሁለት መነጽሮች፣ 10 በ25 እና 8 በ42፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሉ። ውጭው እየመሸ ስለሆነ በመስኮቱ በኩል እስከ ጥዶቹ ድረስ በየተራ ተመልከቱ፤ ጥያቄዎቻችሁንም ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።