ጡቱን ከማስጣል በፊት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ ደብረ ማርቆስን አልፎ ደምበጫ፣ ቀጥሎ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ቡሬ ይመጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ቤት ለቤት ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር አንድ ነው፤ ልጅ እስከ ስድስት ወሩ ከእናቱ ጡት በቀር ውኃ እንኳ አይቅመስ። ትምህርቱ ፍሬ አላፈራም አይባልም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት 58 በመቶዎቹ ጡት ብቻ እንደሚጠቡ አሳይቷል። ያ ሁሉ ትምህርት መልስ ያላዘጋጀላት ግን አንዲት እናት አለች። የተባለችውን ሁሉ አድርጋ፣ ጡት ብቻ እያጠባች፣ የልጇ ሰገራ ላይ ደም ያየች እናት።

ልጁ ሦስት ሳምንት ሞልቶታል እንበል። ይጠባል፣ ይተኛል፣ ክብደቱም እየጨመረ ነው። አንድ ጠዋት ጨርቁ ሲፈታ ቢጫው ሰገራ ንፍጥ ተቀላቅሎበት፣ በንፍጡ ውስጥ እንደ ቀይ ክር የቀጠነ ደም ተጋድሞ ይታያል። ፊቱ ላይ ችፌ ወጥቶ ይሆናል፤ ያቀረሽም ይሆናል። ቤቱ በዚህ ጊዜ ፍርድ አያጣም። አንዷ «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ግግ ነው፣ ይውጣለት»። ዓይን ነው የምትልም አትጠፋም። ከሁሉ የከፋው ግን በፍቅር የሚነገረው ነው፦ «እታለሜ፣ ወተትሽ ከፍቶበታል፤ ጡቱን ተይውና የላም ወተት አቅጥነሽ ስጭው።» እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ለደም መፍሰስና ለቁስል መመረዝ ያጋልጣሉ። የመጨረሻው ምክር ደግሞ ልጁን በተዘዋዋሪ ከሚነካው ነገር አውጥቶ በቀጥታ ያንኑ ነገር ያጠጣዋል።

የሕፃናት ሐኪም እንዲህ ላለው ልጅ ከሚጠረጥራቸው ነገሮች አንዱ የላም ወተት ፕሮቲን አለመስማማት ነው። እናት ከጠጣችው ወተት በቢሊዮንኛ ግራም የሚለካ የፕሮቲን ቅንጣት ሳይፈጭ ወደ ደሟ፣ ከደሟም ወደ ጡቷ ያልፋል። አብዛኛው ልጅ ምንም አይሆንም። የጥቂቶቹ የትልቁ አንጀት ጫፍ ግን ይቆጣና ይደማል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስከ ሁለትና ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ልጁ በሌላው ነገር ሁሉ ደህና ይመስላል። ከተሜው «ላክቶስ አይስማማውም» እያለ የሚያወራው ሌላ ጉዳይ ነው። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው፤ እናት የፈለገችውን ብትበላ በጡቷ ውስጥ ያው ነው፤ ወተት በማቆም አይቀነስም።

እኛ ዘንድ ነገሩን ለየት የሚያደርገው የአራስ ቤት ነው። ገብሱ ተቆልቶና ተፈጭቶ በፈላ ውኃ ይገነፋል፤ ሳህን ላይ ወጥቶ መካከሉ ይጎደጎድና ንጥር ቅቤ በበርበሬ ይሞላበታል፤ ዳር ዳሩን እርጎ ይፈስስበታል። አጥሚቱ በወተት ይፈላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትል የምትመጣ ጎረቤት ባዶ እጇን አትመጣም። አራስ አትጾምም፤ ልጁ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ትታረሳለች። ጎጃሜ እናት በዕድሜዋ ሙሉ ያን ያህል ቅቤና ወተት የምታገኝበት ሌላ ወቅት የላትም፤ ደሙ የሚታይበት ወቅትም ያው ነው።

ከክርስትናው በኋላ ብዙዎች ወደ ጾሙ ይመለሳሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የምታጠባን እናት ባታስገድድም። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ሁዳዴ ከገባማ 55 ቀን ሙሉ ወተት አይነካም። ያን ጊዜ የልጁ ሰገራ ቢጠራ ምስጋናውን የሚወስደው እንጥል ቆራጩ ነው። የእናቲቱ ማዕድ መለወጡን ልብ የሚል የለም። በእርግጥ ያለ ምንም ነገር በራሱ የሚተወውም ልጅ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሁዳዴ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ግን ወደ ማዕዱ ከመሄድ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ ይህንን ሳልጽፍ ባልፍ ሌላውን ባልጻፍኩት ይሻል ነበር። ጨቅላ ላይ የሚታይ ደም ሁሉ የወተት ጉዳይ አይደለም። የጡት ጫፏ የተሰነጠቀ እናት ልጅ የእናቱን ደም ውጦ ሊያወጣ ይችላል። ፊንጢጣው የተሰነጠቀም ይደማል። ቤት ተወልዶ የቫይታሚን ኬ መርፌ ያልተወጋ ልጅ ደሙ ላይረጋለት ይችላል፤ ከእትብቱ፣ ከአፍንጫው፣ ከአንጀቱ ሊፈስስ፣ ጭንቅላቱ ውስጥም ሊደማ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከግማሽ በትንሹ ያንሱ ነበር። አልጠባም ያለ፣ ሰውነቱ የጋለ ወይም የቀዘቀዘ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አረንጓዴ የሚያስመልስ፣ ደሙ የበዛ ልጅ ያንኑ ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ለደምበጫ ዙሪያ ፍኖተ ሰላም ቅርብ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቆየው ግጭት መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት ግን «ቅርብ» የሚለው ቃል ብዙም አይረዳም።

እነዚህ ሁሉ ከተጣሩና ልጁ ደህና ሆኖ የደሙ ክር ብቻ ከቀጠለ፣ ፍተሻው መሣሪያ አይጠይቅም። እናት ማጥባቷን ሳታቋርጥ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ታቆማለች። ደሙ በቀናት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፤ ሁለት ሳምንት የሚቆይም አለ። ንጥር ቅቤ ሲነጠር አብዛኛው ፕሮቲን ከአተላው ጋር ስለሚወገድ ከለጋው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ለፍተሻው ጊዜ እሱም ይቅር። ለልጁ የሚላሰው ለጋ ቅቤማ ከመጀመሪያውም ቦታ የለውም። ከዚያ ሰው የሚዘነጋው ግማሽ ይቀራል፦ እናት ወተቱን መልሳ መጠጣት አለባት። ደሙ ከተመለሰ ጥርጣሬው እውነት ነው። ካልተመለሰ ሴትዮዋ ያለ ምክንያት ወተት ተነፍጋ ልትኖር ነበር ማለት ነው።

አኩሪ አተር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከላም ወተት ጋር ካልተስማሙት ሕፃናት ጥቂቶቹ ከአኩሪ አተርም ጋር አይስማሙም። የጎጃም ሽሮ ከባቄላ፣ ከአተር፣ ከሽምብራና ከጓያ ስለሆነ ገጠር ላይ ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ቡሬ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ካገኘች ወዲህ ስለ ዘይቱ የሚጠይቅ ይኖራል፤ የተጣራ የአኩሪ አተር ዘይት ፕሮቲን የለውም ማለት ስለሚቻል እሱ አያሳስብም። አኩሪ አተር ወደ ቤት የሚገባው በሌላ በር ነው፦ በፋፋ ዓይነት ድብልቅ ዱቄት፣ በከተማ የጾም ወተት፣ ከሁሉም በላይ ለተጎዱ አጥቢ እናቶች በሚታደለው የበቆሎና የአኩሪ አተር ዱቄት። ለሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት ደግሞ የወተት ዱቄት አለበት። እንግዲህ ራሷ ከስታ ዱቄት የተሰፈረላትን እናት «ይህን ተይ» የሚላት ማን ነው? እኔ አልልም። መጀመሪያ ወተቱ ብቻ ይሞከር፤ አኩሪ አተር የሚነሣው ያ ሳይሠራ ሲቀርና የሚተካ እህል ቤት ውስጥ ሲኖር ነው።

በ2008ቱ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ በአገሪቱ በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶችም 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። የምታጠባ እናት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ወተት ሲነሣ ሌላ ይግባ። የጾም ገንፎ በተልባ ወይም በኑግ ዘይት ይበላል። ዳጉሳ በካልሲየም ከእህል ሁሉ ይበልጣል፤ ጤፍም ደህና ነው። ሰሊጥ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ከተገኘም ሥጋ አለ። የሚነሣው ወተት እንጂ ቅባትና ጥጋብ አይደለም። ደሙ ጥቂት፣ ልጁም ፋፊ ከሆነና እናቲቱ የምትተካው ካጣች፣ ምንም ሳይቀይሩ ሚዛኑን እየመዘኑ መቆየትም ሕክምና ነው።

የባሕር ማዶው ልማድ ለዚህ ጥሩ አርአያ አይደለም። እዚያ ልጅ ባለቀሰና ባቀረሸ ቁጥር እናትን ከወተት፣ ከአኩሪ አተር፣ ከእንቁላል፣ ከስንዴ ማስከልከል ተለምዷል። በ2020 እ.ኤ.አ. ጃማ ፔዲያትሪክስ ላይ የወጣ ጥናት መመሪያዎቹ የማንኛውንም ጤነኛ ሕፃን ባሕርይ የአለርጂ ምልክት እያደረጉ መሆናቸውንና ከአዘጋጆቹ ብዙዎቹ ከሕፃናት ወተት አምራቾች ጋር የገንዘብ ግንኙነት እንዳላቸው ተችቷል። ዋሽንግተን የምትኖር ኢትዮጵያዊት እናት አንድ ዕድል አላት፤ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ከልጅነቷ ታውቃቸዋለችና ያለ ወተት መብላት አዲስ አይሆንባትም።

ለእኛዋ እናት የሚቀርብላት ምትክ ግን የፍየል ወተት ነው፤ «ለልጅ ቀላል ነው» ይባላል። ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል የላሙ የማይስማማውን ልጅ የፍየሉም አይስማማውም። ፕሮቲኑ የተሰባበረ ልዩ የቆርቆሮ ወተት በዓለም ላይ አለ፤ ዋጋው ለደምበጫ ገበሬ የሚቀመስ አይደለም። ጡቱ እያለ አያስፈልግምም።

አብዛኞቹ እነዚህ ሕፃናት ዓመት ሲሞላቸው ወተቱን ይለምዱታል። ከዘጠነኛው ወር በኋላ በወተት ተቦክቶ በደንብ ከበሰለ ዳቦ ቁራሽ እየተጀመረ፣ ቀስ በቀስ ወደ እርጎና ወደ ወተት ይኬዳል። ይህ ግን ደም ብቻ ለታየባቸው ነው። ወተት ነክቶት ሰውነቱ ያበጠ፣ ሽፍ ያለበት፣ ትንፋሹ የተቆራረጠ ወይም ደጋግሞ እያስመለሰ የዛለ ልጅ ቤት ውስጥ አይሞከርበትም፤ ሐኪም ባለበት ይሁን።