ባሕር ማዶ ለመማር የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ

ሐርቡ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። ማሽላና ጤፍ ማሾም የሚያበቅለው ገበሬያችን ልጁን የሚያስተምርበት ምክንያት አንድ ነው፤ ይኸውም ልጁ ከእርሱ የተሻለ ኑሮ እንዲኖር ነው። ይሁን እንጂ ባካባቢያችን «ውጭ አገር» የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙ ሰው አሳብ ቀድሞ የሚመጣው ትምህርት ሳይሆን የዓረብ አገር ሥራ ነው። ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የተነሡ የወሎ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል በረሃና ባሕር ያስቀራቸው አሉ።

እኔም ይህን ጉዳይ የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ታላቅ እኅቴ ዓረብ አገር ሠርታ የምትልከው ገንዘብ ለደብተሬና ለልብሴ ይውላል። ባለፈው ክረምት አባቴ፣ ከዚሁ ገንዘብ የተጠራቀመው ለምን ቢውል እንደሚሻል አሳቤን ጠየቀኝ። እኔም ተምሬ ወደ ውጭ አገር የምሄድበት መንገድ መኖሩንና አለመኖሩን መርምሬ እንድነግረው ጊዜ ለመንሁት። ከመምህራንና ከመጻሕፍት፣ እንዲሁም ትምህርት ሰጪዎቹ መንግሥታት ካወጡት ማስታወቂያ ያገኘሁትን፣ ለትምህርት ጓደኞቼና ለወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ አቀርባለሁ።

የቀድሞዎቹ በማን ገንዘብ ተማሩ?

ያገራችን ሰዎች ባሕር ማዶ ተሻግረው መማር የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ ከመጀመሪያዎቹም መካከል ከወሎ ምድር ጋር ታሪካቸው የተያያዘ አሉ። የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላን በያዘ ጊዜ አንድ ትንሽ ልጅ አግኝቶ ወደ ሕንድ ወሰደው። ይህ ልጅ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ አድጎ በላሆር ከተማ ሕክምና ተማረና በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተብሎ ተጠራ፤ የዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ከተማሩት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው እርሱ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላም ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ያገራችንን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። በወሎ የተወለዱት መላኩ በያን ደግሞ በራስ ተፈሪ ተልከው መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ቀጥሎም ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ በኦሃዮ ክፍለ አገር ከተማሩ በኋላ በ1927 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከሚገኘው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ወዳገራቸውም ተመልሰው በጠላት ወረራ ጊዜ በሕክምና አገለገሉ።

የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ስንመለከት አንድ ነገር እናስተውላለን፤ ከሦስቱ አንዱም በገዛ ገንዘቡ የተማረ አልነበረም። አንዱን ያሳደጉት መኮንኖች፣ ሁለተኛውን የሩሲያ ወዳጆች፣ ሦስተኛውን ቤተ መንግሥት አስተማሩ። ዛሬ ግን ቤተ መንግሥት የሐርቡን ልጅ መርጦ አይልክም። ስለዚህ «ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን አለበት።

በራስ ገንዘብ ለመማር ምን ያህል ያስፈልጋል?

በአሜሪካ አገር የኅብረተሰብ ኮሌጅ የሚባሉ 1 ሺህ ያህል ትምህርት ቤቶች አሉ። ከመንግሥታዊዎቹ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ክፍለ አገር በጆሊየት ከተማ የተከፈተው ነው። ትምህርታቸው የሁለት ዓመት ሲሆን፣ ተማሪው ሁለቱን ዓመት ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ በመዛወር ቀሪውን ሁለት ዓመት ይማራል። ክፍያቸው ከዩኒቨርሲቲ ስለሚያንስ ብዙ የውጭ አገር ተማሪዎች ይመርጧቸዋል።

ነገር ግን ያነሰ ማለት ጥቂት ማለት አይደለም። የትምህርቱ ክፍያና የኑሮው ወጪ ሲደመር በብዙዎቹ ዘንድ በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር ያልፋል። ኮሌጁም ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባለውን ወረቀት የሚሰጠው፣ የአንድ ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ወይም ደጋፊ መኖሩን በባንክ ማስረጃ ካረጋገጠ በኋላ ነው። «እዚያ ደርሼ ሠርቼ እከፍላለሁ» የሚል አሳብም አያዋጣም፤ የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው በትምህርት ወቅት እንዲሠራ የሚፈቀድለት በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው።

ይህን በብር እናስላው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 20 ሺህ ዶላርም 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ 2 ሚሊዮን ብር ይመጣል። እንግዲህ ትናንት በብር ያጠራቀመ ቤተሰብ፣ ገንዘቡ ሳይጎድል ዕቅዱ በግማሽ ሊጎድልበት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ዕቅድ ሲወጣ ሒሳቡ ገንዘቡ በሚከፈልበት በውጭው ገንዘብ መሠራት አለበት።

ጀርመን አገር ደግሞ በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ሆኖም ተማሪው ለአንድ ዓመት ኑሮው የሚበቃ 11,904 ዩሮ በታገደ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል፤ ከዚህም ላይ በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ ያወጣል። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ እንጀራው ግን ነፃ አይደለም።

መንግሥታት የሚሰጡት ነፃ ትምህርት

ከዚህ የተነሣ እንደ እኛ ላለ ተማሪ ዋናው በር የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ከብዙዎቹ ሦስቱን ልጥቀስ።

አንደኛው የቱርክ መንግሥት የሚሰጠው ነው። የትምህርቱን ክፍያ፣ ማደሪያውን፣ የጤና መድኑን፣ የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ትምህርቱንና የወር ገንዘቡን ይሸፍናል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ድረስ ባለው ጊዜ ይቀርባል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክት ተማሪ ከ21 ዓመት በታች መሆን አለበት። እንግዲህ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ተማሪ የሚያባክነው ብዙ ዓመት የለውም።

ሁለተኛው የቻይና መንግሥት ዕድል ነው። ሙሉው ዕድል የትምህርቱን ክፍያና ማደሪያውን ሸፍኖ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በወር 2,500 ዩዋን ይሰጣል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜው ከ25 ዓመት በታች የሆነ ያመለክታል።

ሦስተኛው የሃንጋሪ መንግሥት ዕድል ነው። ትምህርቱ ነፃ ሲሆን ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት ይሰጣል፤ ማደሪያም ይሰጣል ወይም ለቤት ኪራይ ድጎማ ይከፍላል። ነገር ግን የአውሮፕላኑን ቲኬት ተማሪው ራሱ ይችላል፤ የወሩም ገንዘብ ብቻውን ለኑሮ አይበቃም። ስለዚህ «ነፃ» የሚለውን ቃል ሰምተን ከመደሰታችን በፊት ምን ምን እንደሚሸፍንና ምን ምን እንደሚቀር ማንበብ ይገባናል።

ስለ ደላሎች

የእነዚህን ዕድሎች ማመልከቻ ለማቅረብ ሰጪዎቹ መንግሥታት ከተማሪው ገንዘብ አይጠይቁም። ይህን ደጋግሜ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የቅርብ ዘመዳችን ልጅ በአንድ ደላላ ተነግሮት፣ ለ«ስኮላርሺፕ ምዝገባ» ተብሎ ቤተሰቡ ሁለት በሬ ሸጦ ከፈለ። ዕድሉም አልመጣ፣ ገንዘቡም አልተመለሰ። በሬዎቹ ከተሸጡ በኋላ የመጣው ክረምት ለዚያ ቤት እንዴት እንደ ነበር የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

በርግጥ በሕግ የሚከፈል ገንዘብ አለ። ለምሳሌ ወደ አሜሪካ ለመማር የሚሄድ ስለ ተማሪነት ምዝገባው 350 ዶላር፣ ስለ ቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር፣ በድምሩ ቢያንስ 535 ዶላር ይከፍላል፤ ቪዛው ቢከለከልም ይህ አይመለስም። ልዩነቱ ግን ይህ ክፍያ ዋጋው በግልጽ የተነገረና ደረሰኝ ያለው መሆኑ ነው። ደረሰኝ የማይሰጥ፣ «ቪዛው በእጄ ነው» የሚል፣ «ዛሬ ካልከፈላችሁ ያልፋችኋል» እያለ የሚያጣድፍ ሰው ቢመጣ ወላጆች በሩን ይዝጉበት።

ወረቀትና ጊዜ

ከገንዘብ ቀጥሎ ሰውን የሚያሰናክለው ወረቀት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የ9ኛ፣ የ10ኛ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው 9ኛ ክፍል ሲገባ ነው እንጂ ብሔራዊ ፈተና ሲያልቅ አይደለም። በፈተናው ረገድ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ አንርሳ።

በመታወቂያ፣ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ማስረጃና በፓስፖርት ላይ የሚጻፈው ስም በፊደል እንኳ ሳይለያይ አንድ መሆን አለበት። በእኛ አካባቢ «መሐመድ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ ባንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት በላቲን ፊደል ስለሚጽፈው ይህ ብዙዎችን ያስቸግራል። የትምህርት ማስረጃውም እንደ ተቀባዩ አገር ጥያቄ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጭምር መረጋገጥ ሊያስፈልገው ይችላል። የእንግሊዝኛ ችሎታ የሚመዘንባቸው አይኤልትስና ቶፍል የሚባሉት ፈተናዎች ውጤታቸው የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ስለ ሆነ፣ በጣም ቀድሞ መፈተንም ገንዘብ ማባከን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ በነበረ ጊዜ በወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች መዘረፋቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ የማስረጃዎቹን ግልባጭ ከቤት ውጭ ባንድ የታመነ ዘመድ ዘንድም ቢያስቀምጥ መልካም ነው።

እነዚህን ትንንሽ ወጪዎች ቤተሰብ በዕቁብ ሊወጣቸው ይችላል። ሃያ ሰዎች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 20 ሺህ ብር ያገኛል። ይህ ለፓስፖርት፣ ለማስረጃ ማረጋገጫና ወደ አዲስ አበባ ለመመላለሻ ይረዳል፤ የ20 ሺህ ዶላርን ትምህርት ግን ዕቁብ አይከፍለውም።

ባገር ጀምሮ ወደ ውጭ መሄድ

እኔ መርምሬ ለአባቴ ያቀረብሁት አሳብ የሚከተለው ነው። በዚህ ዓመት ገንዘብ ለማያስከፍሉት ዕድሎች አመለክታለሁ፤ ይህም ጊዜና ጥረት ብቻ ይጠይቀኛል። ባይሳካ ትምህርቴን እዚሁ እቀጥላለሁ። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ያስተምራል፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ያልመጣለትም በኮምቦልቻ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅና በደሴ በወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሙያ ይማራል። ከሙያ ኮሌጅ የወጣ ተማሪ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ቢፈልግ፣ የተማረውን ይቆጥሩለት እንደ ሆነ ተቀባዩን ትምህርት ቤት በጽሑፍ መጠየቅ አለበት።

ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጡት ዕድሎች ደግሞ ሰፊ ናቸው። የአሜሪካው ፉልብራይትና የእንግሊዙ ቼቭኒንግ የትምህርቱን ክፍያ፣ የአውሮፕላኑን ቲኬትና የኑሮውን ወጪ ይችላሉ፤ ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሁለቱም ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ወዳገሩ እንዲመለስ ያስገድዳሉ። ይህንንም እኔ እንደ ችግር አልቆጥረውም፤ የተማረ ሰው የሚያስፈልገው ገበሬ ያለው እዚህ ነውና።

አባቴም ሰምቶ፣ «ገንዘቡ የእኅትህ ላብ ነው፤ ውሳኔውን እርሷም ትስማ» አለኝ። እርሷም የመለሰችው አጭር ነበር፤ ገንዘቧ ለበረሃ መንገድ እንዳይውል፣ ለትምህርቴ ግን እስከምትችለው ድረስ እንደምትረዳኝ ነገረችን።

ውድ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ባሕር ማዶ ለመማር ቢጠይቃችሁ አትከልክሉት፤ ነገር ግን አራት ነገር ጠይቁት። ማን ይከፍላል? ምን ምን ይሸፍናል? የቀረውን ከየት እናመጣለን? ባይሳካስ ምን ታደርጋለህ? ውድ የትምህርት ጓደኞቼም፣ ለእነዚህ ለአራቱ በጽሑፍ መልስ ያለው ተማሪ ቢሄድም ባይሄድም አይጎዳም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ መንገዱ ሩቅ ቢሆንም ደረጃ በደረጃ ይደረስበታል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሐርቡ